የአመተሥላሴ የመጨረሻ ዓመት ምርጫ

የመሐል ሜዳ የዘመን መለወጫ ገበያ ፀሐይ ሳትሞቅ ይሞላል። ጳጉሜን ሁለት ቀን አቶ ወዳጆ ከቀያቸው ተነሥተው፣ ሦስት ሰዓት በእግር ተጉዘው ገበያው ሲደርሱ፣ ከፊታቸው አንድ አውራ በግ፣ ከኋላቸው አንዲት ልጅ ነበረች። በጉ ጥቁር ነው፤ ላቱ የሰፋ፣ ቀንዱ ሁለት ዙር የዞረ። ልጅቱ አመተሥላሴ ናት፤ የአቶ ወዳጆ የመጨረሻ ልጅ፣ በዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሳይንስ ተማሪ። ሦስት ዓመት ጨርሳ አራተኛውንና የመጨረሻውን ልትጀምር ነው።

አባትና ልጅ ወደ ገበያ የወጡት ለየራሳቸው ጉዳይ ነው። አባት በጉን ሊሸጡ፤ ልጅ አንድ ቅጽ ልትልክ። ቅጹ የመጨረሻው ዓመት የምርጫ ኮርሶች የሚሞሉበት ነው። ትምህርት ክፍሏ ስምንት ኮርሶች ዘርዝሮ ተማሪው አራቱን እንዲመርጥ፣ የሞላውንም ፎቶ አንሥቶ በስልክ እንዲልክ አዟል። ጊዜው የሚያበቃው በዚያው ዕለት በአሥራ አንድ ሰዓት ነው። በአቶ ወዳጆ ቀበሌ ደግሞ በክረምት የስልክ መስመር አይገኝም። ስለዚህ ነው ልጅቱ ያን ሁሉ መንገድ በጭቃ አብራ የመጣችው።

አቶ ወዳጆ ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ዳዊት ደግመዋል፤ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜም ቁጥር ተምረዋል። በዚህ ዕውቀታቸው አይኩራሩም፤ አያፍሩበትምም። ነገር አያበዙም። በሰው ዘንድ የሚታወቁት በሁለት ነገር ነው፤ በቃላቸውና በበጎቻቸው። በየዓመቱ ከመንጋቸው አንደኛውን አውራ መርጠው ለበዓል ገበያ ያወጣሉ። ገበያተኛው ከቦ «ይህ የማን ነው?» ሲል፣ «የወዳጆ ነዋ» ይባላል። እሳቸው በትራቸውን ተደግፈው ዝም ብለው ይሰማሉ። ያችን ቃል ለመስማት እንደሚመጡ ግን ለማንም ተናግረው አያውቁም።

የዚያን ዕለትም ገና በጉን እንዳቆሙ ሰው ከበበ። ከሰዎቹም መሀል አንድ የሚያውቁት ድምፅ መጣ።

«ጋሽ ወዳጆ! ይህ በግ ነው ወይስ ወይፈን?»

ዘወር ሲሉ የጎረቤታቸውን የቄስ አትናቴዎስን ልጅ ባምላኩን አዩ። ባምላኩ ሩቅ አገር ባለ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። በዓሉን ከወላጆቹ ጋር ሊውል በጠዋቱ አውቶቡስ ከደብረ ብርሃን መጥቶ፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ ቀዬው የሚሄድ ሰው ሲፈልግ ነበር።

«እንደምን ከረምክ ልጄ? ከሳህ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። የከተማ ሰው አይከሳም ጋሽ ወዳጆ፤ ይጠወልጋል እንጂ። እርስዎስ እንደምን ከረሙ? አዝመራው እንዴት ነው?»

«ደግ ነው። ውርጭ ካልመጣበት።»

«አንቺስ አመቴ? አራተኛ ዓመት አይደለሽም?»

«ልጀምር ነው ጋሼ።»

«የምርጫ ኮርስ ሞላሽ?»

«ሞልቻለሁ። ልልከው ነው የመጣሁት። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው።»

«እስቲ አሳዪኝ።»

ወረቀቱን ከደብተሯ ውስጥ አውጥታ ሰጠችው። ባምላኩ አነበበ። የሥራ ፈጠራ፣ የገጠር ሶሲዮሎጂ፣ የንብ እርባታ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አደረጃጀት። አራቱም ነጥብ በቀላሉ ይገኝባቸዋል ተብሎ ተማሪ ሁሉ የሚሻማባቸው ናቸው።

«ከተመረቅሽ በኋላ ምን አስበሻል?»

ልጅቱ አባቷን አየች። «ማስተርስ» አለች።

«በምን?»

«በዝርያ ማሻሻል። በበግ ላይ መሥራት ነው የምፈልገው።»

ባምላኩ ወረቀቱን ዳግመኛ አየው፤ አጥፎም መለሰላት።

«በዚህማ አትገቢም» አላት።

አቶ ወዳጆ በትራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ይህን የሚያደርጉት ነገር ሲቆረቁራቸው ነው።

«ምን ጎደለው?» አሉ። «አብረን ነው የመረጥነው። የትኛው ይቀላል ብዬ ጠየቅኋት፤ ነገረችኝ። ቀላሉን ያዢ አልኳት። ሰው ቁልቁለት እያለ ዳገት አይወጣም።»

«እንደሚሄድበት ነው ጋሽ ወዳጆ። ቤቱ ከዳገቱ ላይ ከሆነስ?»

አቶ ወዳጆ በገበያ መሀል ከሰው ጋር መሟገት አይወዱም። ነገሩ የልጃቸው ባይሆን ኖሮ በዚያ ይበቃቸው ነበር።

«ስማኝ መምህር። እኔ የማውቀውን ልንገርህ። ልጅቱ እስካሁን ነጥቧ ጥሩ ነው። በዚህ ዓመት ቀላል ቀላሉን ይዛ ጥሩ ካመጣች በማዕረግ ትመረቃለች። በማዕረግ የተመረቀን ሰው ከየትኛው በር ነው የሚመልሱት? ቁና ሙሉ እህል ቁና ሙሉ ነው።»

«ቁናውስ ሙሉ ነው። እህሉ ምንድን ነው?»

«ምንም ይሁን።»

«ብቅል ልታበቅል ገብስ የፈለገች ሴት ቁና ሙሉ ባቄላ ቢያመጡላት ትቀበላለች?»

«አትቀበልም።»

«ባቄላው መጥፎ ሆኖ ነው?»

«ባቄላ ጠላ አይሆን!» አሉ አቶ ወዳጆ፤ ሳያስቡት ፈገግ ብለው።

«እንዲሁ ነው። የመረጠቻቸው ኮርሶች መጥፎ አይደሉም። ንብ ላርባ ያለ ሰው የንቡን ይማር፤ እሰየው ነው። እሷ የምትሄደው ግን ወደ በግ ዝርያ ነው። እዚያ በር ላይ የተቀመጠው ሰው ነጥቧ ስንት ነው ከማለቱ በፊት ምን ምን ተምራ መጣች ይላል። የዘረ መል ትምህርት አለ? ሁለተኛው ስታትስቲክስ አለ? ከሌለ ወረቀቱን አጥፎ ይመልስላታል።»

«ስታ... ምን?»

«ስታትስቲክስ። የተለካን ነገር አበጥሮ ፍሬውን ከገለባው መለያ ነው።»

«አባባ፣ ያ ዝቅ ያለ ነጥብ፣ ሲ፣ ያገኘሁበት ነው» አለች አመተሥላሴ ቀስ ብላ። «የመጀመሪያው ክፍል።»

«ሰማህ?» አሉ አቶ ወዳጆ። «አንዴ በጣላት ጅረት ደግማ ትግባ ነው የምትለው?»

«መሻገር ያለባት ጅረት ከሆነ ምን ታድርግ? አሁን ቢያንስ የጣላትን ድንጋይ ታውቀዋለች።»

«ሁለተኛ ከጣላትስ?»

«ሊጥላት ይችላል። አልዋሽዎትም። ነጥቧ ወርዶ ማዕረጉ ሊቀር ይችላል።»

ይህ መልስ አቶ ወዳጆን አስደነገጣቸው፤ በባምላኩ ላይ ግን እምነት አሳደረባቸው። የሚሟገታቸው ሰው ለራሱ የማይጠቅመውን ሲናገር ያምኑታል። ማመን ሌላ፣ መቀበል ግን ሌላ ነው።

«ዲግሪዋን ትያዝ» አሉ። «ሥራ ትግባ። ማስተርሱ የትም አይሄድ። የጎደለውንም ያን ጊዜ ትሞላዋለች።»

ባምላኩ ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ።

«እኔም ይህንኑ ነበር ያልኩት። ቤታችን ግድግዳ ላይ ያለውን ፎቶግራፌን ያውቁታል?»

«በካባ የተነሣኸውን? እናትህ እሱን ሳታሳይ ለእንግዳ ማዕድ አታቀርብም።»

«እሱ የማዕረግ ፎቶ ነው። ቀላል ቀላሉን መርጬ ያገኘሁት። በኋላ ለማስተርስ ሳመለክት አንዲት ሴትዮ የውጤት ወረቀቴን ከላይ እስከ ታች አነበበችና ‹ጎበዝ ነህ፤ ግን ሦስት ኮርስ ይጎድልሃል› አለችኝ። ማዕረጌን ነገርኳት። ‹አየሁት› አለች። እንደገና ነገርኳት። ‹ሰማሁህ› አለች።»

አመተሥላሴ ሳቀች። አቶ ወዳጆ አልሳቁም።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሥራዬን ለቅቄ ከሁለተኛ ዓመት ልጆች ጋር ወንበር ተጋርቼ ማሟያ ተማርኩ። ዓመት ሙሉ። ልጆቹ ጋሼ ይሉኝ ነበር፤ መምህሩም ጋሼ ይለኝ ነበር። የመጨረሻው ዓመት ላይ ሦስቱን ኮርስ መምረጥ የአንድ እስክሪብቶ ሥራ ነበር። በኋላ ግን አንድ ዓመት ዕድሜ ወሰደብኝ። ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም። እርስዎም አይንገሩብኝ።»

«አልናገርም» አሉ አቶ ወዳጆ።

ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ልባቸው ግን ከቦታው አልተነሣም። ሰው በምክንያት የያዘውን ሐሳብ በምክንያት ይተወዋል። በሌላ ነገር የያዘውን ግን ያ ሌላው ነገር ካልተነካ አይተውም። የአቶ ወዳጆ ሌላው ነገር ገና አልተነካም ነበር።

በዚህ መሀል አንድ የበግ ነጋዴ ሰዎቹን ገፍቶ ገባ። የአውራውን ወገብ ጨበጠ፤ ላቱን በመዳፉ አነሣ፤ ጥርሱን ገልጦ አየ።

«አባት፣ በግ ማለት ይህ ነው። ሌላው ፍየል ነው» አለ፤ ዙሪያውን ላለውም እንዲሰማ። «ዋጋውን እርስዎ ይጥሩ። አልከራከርዎትም።»

አቶ ወዳጆ ዋጋ ሊጠሩ ሲሉ ልጅቱ ቀደመቻቸው።

«አባባ፣ ቤት የቀረው አውራ የትኛው ነው?»

«የትኛው ማለት?»

«ከዚህ ሌላ። ለእናት በጎቹ የቀረው።»

«ያ ጆሮው የተቀደደው ነዋ። ትንሹ።»

«አምናስ ይህን የመሰለውን ሸጠን የቀረው የትኛው ነበር?»

«ምን ነካሽ ልጄ? ገበያ ላይ እኮ ነን።»

«ያኔም ትንሹ ነበር። ካቻምናም። ሰው የሚገዛው ትልቁን ነው። ቤት የሚቀረው ትንሹ ነው። ለግልገሎቹ አባት የሚሆነውም የቀረው ነው።»

ነጋዴው ሳቀ። «እቴ፣ ታዲያ ለእኔ ትንሹን ሊሸጡልኝ ነው?»

«ያማረውን ፍሬ ሸጦ የጫጨውን ለዘር የሚያስቀር ገበሬ አለ?» አለች አመተሥላሴ፤ ነጋዴውን ሳይሆን አባቷን እያየች።

አቶ ወዳጆ እንዲህ ያለ ገበሬ አያውቁም። ገብስ ሲሆን ምርጡን ገና አውድማ ላይ ለይተው ለብቻው በጎታ የሚያስቀምጡ እሳቸው ናቸው። በበግ ግን አባታቸውም አያታቸውም ያማረውን ለበዓል ሲያወጡ ነው ያዩት። ጎረቤቱም እንዲያው ነው። ይህን ከዚያ ጋር አስተያይቶ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

«ዝም ብለሽ ነው ወይስ አይተሽ ነው የምትናገሪው?» አሉ።

ደብተሯን ገለጠችላቸው። በተሰመረው ገጽ ላይ የግልገሎቹ መልክ፣ የተወለዱበት ወር፣ ክብደታቸውም ተጽፏል።

«ሦስት ወር ሲሞላቸው በእጅ ሚዛን እየመዘንን ጽፈናል። እኔ በሌለሁ ጊዜ እማዬ ናት የምትመዝነው።»

«አማከለች? ለእኔ ሳትነግረኝ?»

«‹አባትሽ በግ ሚዛን ላይ መስቀል ደግ አይደለም ይላል› ብላ ነው። እርስዎ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጠብቃ፣ በነጠላ ጠቅልላ፣ ዛፍ ላይ አንጠልጥላ... ብቻ ትመዝናለች።»

«እውነቷን ነው፤ እል ነበር» አሉ አቶ ወዳጆ።

«ይኸው፤ አምና ከተሸጠው አውራ የተወለዱት አሥራ አንድ ናቸው። ከትንሹ የተወለዱት አሥራ አራት። የትልቁ ልጆች ሁለት ሁለት ኪሎ ያህል ይበልጣሉ።»

ሌላ አባት ቢሆን በዚህ ይረታ ይሆናል። አቶ ወዳጆ ግን አምሳ ዓመት በግ ያረቡ ሰው ናቸውና ቁጥር ብቻ አላሸነፋቸውም።

«ቆይ» አሉ። «የትልቁ ልጆች የተወለዱት መቼ ነው?»

«ኅዳርና ታኅሣሥ።»

«የትንሹስ?»

«መጋቢትና ሚያዝያ።»

«እንግዲያው ምኑን አወቅሽ? የኅዳር ግልገል እናቱ ለምለም በልታ ወተቷ ሙሉ ነው። የመጋቢቱ እናቱ ድርቆሽ ነው የምትልሰው። ልዩነቱ ከሣሩ ይሁን ከአባቱ በምን ለየሽው? ደግሞ ያቺ ነጯ በግ ከማንም ትውለድ ከማን ልጇ ይከብዳል፤ ወተታም ናት። እሷ ከየትኛው ነው የወለደችው?»

«ከትልቁ።»

«አየሽ!»

ገበያተኛው ጎሽ እንደማለት አጉረመረመ። አመተሥላሴ ደብተሩን ዘጋች። ፊቷ ላይ ግን የተረታ ሰው መልክ አልነበረም።

«አልለየሁትም አባባ። መለየት አልችልም። እርስዎ አሁን የጠየቁኝን መምህሬም ጠይቆኝ መልስ አጥቻለሁ። ይህን ያህሉ ከሣሩ ነው፣ ይህን ያህሉ ከእናቱ፣ ይህን ያህሉ ከአባቱ ብሎ ለይቶ የሚያሳየው ያ ትምህርት ነው።»

«የትኛው?»

«ሲ ያገኘሁበት። ሁለተኛው ክፍሉ። ከወረቀቱ ላይ የተውኩት።»

ነጋዴው አንዴ አባትን አንዴ ልጅን ያያል። ባምላኩ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ከዚህ በኋላ ንግግሩ የእሱ እንዳልሆነ ገብቶታል።

«የጠየቅሁሽን የሚመልሰው እሱ ከሆነ፣» አሉ አቶ ወዳጆ፣ «ለምን ተውሽው?»

«እርስዎ በሰንበቴው ስለተናገሩ።»

ይህ ነበር ያ ሌላው ነገር። በሰኔ ሰንበቴ፣ ቅዳሴ ተፈጽሞ ማኅበርተኛው በደጀ ሰላሙ ለዳቦና ለጠላ በተቀመጠበት፣ ሰው ሁሉ የልጁን ወሬ ሲያወራ፣ አቶ ወዳጆ ከልማዳቸው ውጭ አፋቸውን ከፈቱ። «የእኔ ልጅ በማዕረግ ትመረቃለች» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ነገር ግን ወዳጆ ያለው አይቀርም የሚባሉ ሰው ናቸውና፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አመተሥላሴን መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ «ባለ ማዕረጓ» ይላት ጀመር። ልጅቱም የአባቷን ቃል ከምታስቀር የራሷን መንገድ ማስቀረትን መረጠች።

አቶ ወዳጆ በጉን አዩት። ሰው ሁሉ ያየዋል። ያማረውን ለሚያየው ሰው ማውጣት፣ ለቤት የሚሆነውን አለማሰብ፤ በበጉ ሲያደርጉ የኖሩትን በልጃቸውም ሊያደርጉት እንደነበር ያን ጊዜ ታያቸው።

«ቃሉን የተናገርኩት እኔ ነኝ» አሉ። «የምመልሰውም እኔ ነኝ። አንቺን አያገባሽም። ተቀመጪና እንደገና ጻፊው።»

ወደ ነጋዴው ዞሩ። «ወንድሜ፣ አልሸጥም። ሌላ ፈልግ።»

«አባት፣ በልጅ ወሬ?»

«በልጅ ወሬ አይደለም። ራሴ ጠይቄ መልስ አጥቼ ነው።»

ሦስቱ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተቀመጡ። በጉንም እበረንዳው ቋሚ ላይ አሰሩት። አመተሥላሴ ከደብተሯ አዲስ ገጽ ቀድዳ ስምንቱን ኮርሶች ጻፈች።

«አራቱንም ከባድ እንዳታደርጊ» አላት ባምላኩ። «ዘረ መልና ስታትስቲክስ የግድ ናቸው። የቀሩት ሁለቱ ቀለል ይበሉ።»

«ሁለቱ ከባዶች አንድ ላይ ነው የሚመጡት?» አሉ አቶ ወዳጆ።

«እንደምርጫዋ ነው። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ሁለት፣ በሁለተኛው ሁለት ትወስዳለች።»

«እንግዲያው ለያዩዋቸው። ሁለት ያልተገራ ወይፈን ባንድ ቀንበር አይጠመድም። አንዱን ወይፈን ከተገራ በሬ ጋር ነው።»

ባምላኩ ቀና ብሎ አያቸው። «ጋሽ ወዳጆ፣ ይህን የሚነግረኝ ሰው ያኔ ባገኝ ኖሮ! እንዳሉት ይሁን። ስታትስቲክስና ንብ እርባታ መጀመሪያ። ዘረ መልና ሥራ ፈጠራ ኋላ። የመውጫ ፈተናው ማብቂያው ላይ ስለሆነ በጣም የሚከብዳትን ቀድማ ትገላገለዋለች።»

ከዚያም ልጅቱን መከራት። ልትገባበት የምታስበውን ትምህርት ክፍል ራሷ ጽፋ እንድትጠይቅ፣ ምን ምን ኮርስ እንደሚፈልጉ ከባለቤቶቹ እንጂ ከጓደኛ ሰምታ እንዳትወስን ነገራት። የመመረቂያ ጽሑፏንም ርዕስ ሩቅ እንዳትፈልግ፣ ከዚያው ከግልገሎቹ ደብተር እንድታወጣው አላት።

«ይህን ሁሉ ለምን እስከ ዛሬ ማንም አልነገራትም?» አሉ አቶ ወዳጆ።

«ስላልጠየቀች ነው። እኔም አልጠየቅሁም ነበር።»

አመተሥላሴ በቅጹ ላይ ምርጫዋን አርማ፣ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በስልኳ አነሣችው። ነፋሱ ጠርዙን ሲያነሣባት አቶ ወዳጆ በአውራ ጣታቸው ያዙላት። ስልኩ ጥቂት አሰበ።

«ሄደ» አለች።

ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም ነበር።

ከገበያ በግ መልሶ መሄድ በአገሩ ያሥቃል። ከከተማው መውጫ ላይ መርስዔ ኃዘን የሚባል የሰፈራቸው ሰው አህያውን እየነዳ ደረሰባቸው።

«ምነው ጋሽ ወዳጆ፣ ዘንድሮ ገዥ ጠፋ?»

«ገዥ ሞልቷል። የጠፋው ሻጭ ነው።»

መርስዔ ኃዘን ሲሥቅ አህያው ቀድሞት ሄደ። አቶ ወዳጆ አፈሩ፤ ግን መንገዱን ሙሉ በጉን ከፊት አስቀድመው ሄዱ። ከዚህ ትንሽ ሣቅ የሚበልጥ ሌላ እንደሚጠብቃቸው ያውቁ ነበር።

በመስከረም ሰንበቴ ዳቦው ተቆርሶ ሳያልቅ አቶ ወዳጆ ተነሡ። ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። እሳቸው በሰንበቴ የሚነሡት ጸበል ጻዲቅ ለማቅመስ ብቻ ነበርና።

«በሰኔ አንድ ነገር ተናግሬ ነበር» አሉ። «ልጄ በማዕረግ ትመረቃለች ብዬ። ቃሌን አንሥቻለሁ። ልትመረቅ ትችላለች፤ ላትመረቅም ትችላለች። የከበደውን ትምህርት ያዢ ያልኳት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ በስሟ ጥሯት።»

ተቀመጡ። ቄስ አትናቴዎስ ብቻ «ደግ አድርገሃል» አሏቸው። የነገሩን ሥር ግን አላወቁም፤ አቶ ወዳጆ የባምላኩን ምሥጢር አላወጡምና።

ዓመቱ ቀላል አልነበረም። በጥር አመተሥላሴ ስልክ ደውላ አለቀሰች። አቶ ወዳጆ ስለ ስታትስቲክስ የሚያውቁት የለምና ምክር አልሰጧትም። «አልተኛሁም፣ እየሰማሁሽ ነው» አሏት፤ እስክትጨርስ ሰሟት። ትምህርቱን በቢ ጨረሰችው። ዘረ መሉንም እንዲሁ። የመውጫ ፈተናውን በአንድ ጊዜ አለፈች። ስለ ግልገሎቹ የጻፈችውን የመመረቂያ ጽሑፍ መምህሮቿ ወደዱላት። ለማስተርስ ትምህርት ክፍሉ ጽፋ ለጠየቀችውም መልስ መጣ፤ የሚጠየቁት ኮርሶች ሁሉ አሏት፣ ማሟያ አያስፈልጋትም፣ የመግቢያ ፈተናውን ካለፈች በቃ። ድምር ነጥቧ ግን ከማዕረጉ በጥቂት ዝቅ አለ።

በምረቃው ቀን አቶ ወዳጆና ወይዘሮ አማከለች በሜዳው ላይ ከወላጆች ጋር ተቀመጡ። በማዕረግ የተመረቁት በየስማቸው እየተጠሩ ሲቆሙ እልልታው ቀለጠ። የአመተሥላሴ ስም አልተጠራም። አጠገባቸው ከመርሐቤቴ የመጡ ወልደ አማኑኤል የሚባሉ ሰው ተቀምጠው ነበር። እኒህ ሰው ጎንበስ ብለው፣

«የእርስዎ ልጅ አልተጠራችም?» አሏቸው።

«አልተጠራችም።»

«ግድ የለም። ዋናው መጨረሱ ነው።»

«ዋናውስ እሱ አይደለም» አሉ አቶ ወዳጆ። «ዋናው ቀጥሎ የምትሄድበት ነው። ማዕረጉን ትታ የምትሄድበትን የሚከፍት ትምህርት ወሰደች። ለሁለተኛ ዲግሪ ምንም አይጎድልሽም ተብላለች። ሥራ ለቅቃ፣ ከታናናሾቿ ጋር ተቀምጣ የምታሟላው የላትም። የምትፈልገውን ስለምታውቅ የምትጽፈውንም ቀድማ አወቀች። እኔም በቤቴ ከእሷ ተምሬ፣ ዘንድሮ የግልገሎቼ አባት ትልቁ አውራ ነው። ሦስት ጎረቤቶቼም ትልቁን አስቀርተዋል።»

አቶ ወልደ አማኑኤል ወደ እሳቸው ጠጋ አሉ።

«እኔም አንድ አለኝ» አሉ። «ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመት ጨረሰ። ምርጫ ኮርስ ልሞላ ነው ሲል ሰምቻለሁ። ምን ልበለው?»

«የትኛው ይቀልሃል ብለው አይጠይቁት። እኔ እንደዚያ ጠይቄ ነው ልስት የነበረው። ወዴት ትሄዳለህ ይበሉት። ሲነግርዎ፣ እዚያ በር ላይ ምን እንደሚጠይቁት ከባለቤቶቹ ጠይቆ እንዲያመጣ ይዘዙት። ኮርሱን ከዚያ በኋላ ይምረጥ። ከባዱን ከቀላል ጋር ያጣምር፤ የሚፈራውን ያስቀድም።»

«ማዕረጉስ?»

«ከመጣ ደግ ነው» አሉ አቶ ወዳጆ። «ብቻ ሳይመጣ ለሰው አይንገሩ።»

አመተሥላሴ የመግቢያ ፈተናውን አልፋ በጥቅምት ወር ሁለተኛ ዲግሪዋን ጀመረች። ከክፍሉ አሥራ ሁለት ተማሪዎች ማሟያ ያልታዘዘባቸው አራት ብቻ ነበሩ፤ አንዷ እሷ ናት።